ለልጄ ገለጻ አንድም ጊዜ እጄን አላነሳሁም

ልጄ ዶክትሬቷን ይዛ ከፈረንሳይ የተመለሰችው በሙቀቱ ወራት ነበር። አዲሱ ባቡር ሊጀምር ነው እየተባለ ከተማው ሁሉ ስለ ባቡር የሚያወራበት ጊዜ ነው። እኛ ቤት ግን ስለ ባቡር አይወራም። በየቀኑ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጅቡቲ በሯን ዘግታ ጋደም በምትልበት ሰዓት፣ ልጄ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ባለችው ቤታችን መካከል ትቆምና ስለ ውሃና ስለ ጨው ትናገራለች። እኔ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ውጭ ካምሲን የሚሉት ሞቃት ነፋስ አቧራ ያነሳል፤ ቬንትሌተሩ ይዞራል፤ ከእኔ ሌላ አድማጭ የላትም።

ለምን እንደምትናገር ላስረዳ። በከተማችን ያለ አንድ የምርምር ማዕከል ለሁለት ዓመት የሚሠራ አንድ ተመራማሪ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ፖስት ዶክ ይሉታል፤ ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው ቋሚ ሥራ ከመያዙ በፊት እጁን የሚያፍታታበት ሥራ ነው። ካመለከቱት ውስጥ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ አንዷ ልጄ ሆነች። ሦስቱም ኮሚቴ ፊት ቀርበው የሠሩትን ጥናት በአሥራ አምስት ደቂቃ እንዲያስረዱ ተነገራቸው። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት ሳይንሱን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከቀሩት አንዱ ከውሃ መሥሪያ ቤት፣ አንዱ ከሒሳብ ክፍል፣ አንዷ ደግሞ ለምርምሩ እርዳታ ከሚሰጠው ድርጅት የሚመጡ ናቸው።

ልጄ ይህን ሥራ የፈለገችው እዚሁ ለመቅረት ነው። አባቷ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እሷ ፈረንሳይ በነበረችበት ጊዜ ሁሉ እኔ ብቻዬን ነበርኩ፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። አፍ አውጥታ ለአንቺ ብዬ ነው አላለችኝም። ግን ከማዕከሉ እስከ ቤታችን በአውቶቡስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሰው ስትጠይቅ ሁለት ጊዜ ሰምቻታለሁ። በልቤ ያን ሥራ ከእሷ ይበልጥ የፈለግሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ፈረንሳይ ሳለች ዩኒቨርሲቲው ለዶክትሬት ተማሪዎቹ ልዩ ሥልጠና ይሰጥ ነበር። ጥናት መሥራት አንድ ነገር ነው፣ በጥናት እንጀራ መብላት ሌላ ነው ብለው ሲቪ አጻጻፍ፣ ማመልከቻ አጻጻፍ፣ ኮሚቴ ፊት አቀራረብ ያስተምሯቸዋል። አንድ ቀን ሲቪዋን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። ይህን እችላለሁ፣ ይህን መርቻለሁ፣ በዚህ ተሸልሜያለሁ ይላል። ደነገጥኩ። እኛ ያደግነው ሰው ሲያወድሰን አንገታችንን ደፍተን ነው፤ ራሱን የሚያወድስ ሰው ባለጌ ይባላል። ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ጻፊው አልኳት።

"እማዬ፣ ዝቅ ብሎ የተጻፈውን ማን ጎንበስ ብሎ ያነበዋል?" አለችና ሳቀች።

ከሥልጠናው ይዛ ከመጣችው ምክር ሁሉ አጥብቃ የያዘችው ግን አንዱን ነበር። ገለጻሽን ከሙያሽ ውጭ ለሆነ ሰው ደጋግመሽ አሰሚ ብለዋታል። ያ ሰው ያልገባው ቦታ ላይ ሲደርስ እጁን ያንሳ። እጅ የተነሳበትን ቦታ ምልክት አድርጊና አስተካክዪ። እሱ ከገባው ለኮሚቴውም ይገባል።

"እና አንቺ ትሆኚኛለሽ" አለችኝ። "አራተኛ ክፍል ያቋረጠ አድማጭ እንደ አንቺ ከየት ይገኝልኛል?"

ቀልዷ ነው፤ ክፋት የለበትም። አራተኛ ክፍል ማቋረጤንም የነገርኳት እኔው ነኝ። ሳቅሁ። ነገር ግን ቃሉ ገብቶ የሆነ ቦታ ተቀመጠብኝ። ልጅን እስከ ዶክትሬት ያደረሰች እናት ለመሐይምነቷ ስትፈለግ ደስ አይላትም። ያን ጊዜ እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም፤ አሁን ቁጭ ብዬ ስጽፈው ነው የታየኝ።

በመጀመሪያው ቀን የያዝኩት መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው። ጉድጓድ አለ፤ ውሃው ይጎመዝዛል። ከዚያ በኋላ ንግግሯ ሸሸኝ። የአማርኛ ቃል ሲያጥራት በፈረንሳይኛ ትሞላለች። ኮምፒዩተሩ ላይ መስመር ይወጣል፣ መስመር ይወርዳል፣ ቀይ ነጥብና ሰማያዊ ነጥብ ይበተናል። እሷ በእርሳስ ጫፍ እየጠቆመች እዚህ ጋ ልብ በይ ትለኛለች። እኔ ልብ የምለው የእሷን ፊት ነው። ስትኮሳተር እኮሳተራለሁ፤ ፈገግ ስትል ፈገግ እላለሁ፤ ድምፅዋ ዝቅ ሲል ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው ብዬ ራሴን ቀስ አድርጌ እነቀንቃለሁ። ስትጨርስ፣ "አንድም ቦታ እጅሽን አላነሳሽም። እውነት ገባሽ?" አለችኝ።

"ገባኝ" አልኳት።

ራስ መነቅነቅ ሙያዬ ነው። ከድሬዳዋ በአሮጌው ባቡር ወደዚህ የመጣነው የባለቤቴ ቤተሰቦች እዚህ ስለነበሩ ነው፤ ልጄ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ ብዙ ሳይቆይ ሞተና እኔ ራስ ዲካ አካባቢ ፈረንጆች ቤት ምግብ ማብሰልና ጽዳት ገባሁ። ያን ጊዜ ፈረንሳይኛ አላውቅም ነበር። የቤቱ ዘበኛ ገና በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ይዞ መከረኝ። ከአንቺ በፊት የነበረችው ልጅ ሦስት ጊዜ አልገባኝም ብላ በሳምንቷ ተሸኝታለች አለኝ። ስለዚህ እኔ ዊ ማዳም፣ እሺ እመቤቴ እንደማለት ነው፣ አልኩ። ማዳም ስለ ምድጃው ስታስረዳ ዊ ማዳም። ስለ ልጁ መድኃኒት ስታስረዳ ዊ ማዳም። ዞር ስትል ወደ ዘበኛው እሮጣለሁ፣ በተሰባበረ ሶማልኛዬ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም ካላወቀ ዕቃውን አገላብጬ፣ ጣሳውን አሽትቼ አገኘዋለሁ። ብዙ ጊዜ አገኘዋለሁ። በዚያ ቤት ሦስት ቤተሰብ ተፈራረቀብኝ፤ የሚሄደው ለሚመጣው ሲያስረክበኝ ነገር ቶሎ ይገባታል እያለ ነው። በሰጡኝ የምስክር ወረቀት ላይም ይኸው ተጽፏል። ልጄ ናት ያነበበችልኝ፤ ኮርታብኝ ነበር።

ይህ ሙያ ልጄን ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ጎድቷታል። እዚህ ትምህርት ቤት በገባች በሁለተኛው ዓመት መምህርቷ አስጠርታኝ ብዙ ነገር በፈረንሳይኛ ነገረችኝ። በጣቷ ዓይኗን እየነካች ነበር የምታወራው፤ ዕንባ መስሎኝ ልጅቷ ታለቅሳለች እያለችኝ ነው ብዬ ገመትኩ። ዊ ማዳም አልኩና ወጣሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መምህር በወረቀት ጽፎ ሲልክ ልጄ ራሷ አነበበችው፤ ሰሌዳው አይታያትም፣ ሐኪም ይያት ይላል። ዓመቱን ሙሉ ከጓደኛዋ ደብተር ስትገለብጥ ኖራለች። መነጽር አሠራሁላት። ስለ መጀመሪያዋ መምህርት ግን አልነገርኳትም።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው።

ልምምዱ ወደ አሥር ቀን ገደማ ሄደ። አንድ ከሰዓት ጎረቤቴ መጡ። በባቡሩ ዘመን እዚህ ከሰፈሩት ቤተሰቦች የተወለዱ፣ ግድግዳ የምንጋራ ትልቅ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምንላቸው። በረዶ ሊበደሩ መጥተው ልጄን እርሳስ ይዛ ቆማ ሲያዩዋት በሩ ላይ ቆሙ።

"ዶክተራችን፣ ይቺን ጉልበቴን እያት እስቲ" አሏት።

"እትዬ፣ የኔ በሽተኛ ጉድጓድ ነው" አለች ልጄ።

"ጉድጓድ! ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ጉድጓድ ልታክሚ? የኔን ጉልበት ማን ሊያክም ነው ታዲያ?"

ተሳሳቅን። ልጄ ካመጣዎት አይቀር ይስሙኝ ብላ አስቀመጠቻቸውና አምስት ደቂቃ ያህል ተናገረች። እሳቸው አንዴ እሷን፣ አንዴ ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

"ልጄ፣ አንዱም አልገባኝ። እኔ ከድሮም ደንቆሮ ነኝ" አሉ።

ልጄ ወረቀቷ ላይ ምልክት ለማድረግ እርሳሱን አወረደች፤ ከዚያ ቀና ብላ ወደ እኔ አየች። እማዬን ግን ገብቷታል አለች። ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረበት። እትዬም፣ "እሷማ የዶክተር እናት ናት" አሉ። ምልክቱ ሳይደረግ ቀረ።

የማፍረው ከሁሉ ይበልጥ በዚህች ሰዓት ነው። እትዬ ያልተማሩ ሴት ሆነው፣ ሳይጠየቁ፣ እውነቱን ለልጄ ሰጥተዋት ነበር። በእኔ ምክንያት ጣለችው። እኔ ደግሞ እዚያ ተቀምጬ፣ የዶክተር እናት በመባሌ ደስ ብሎኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ የዋሸሁት ከእፍረት ነው ልል እችል ይሆናል። ያን ከሰዓት ግን ውሸቱ ጣፈጠኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እጄን ላነሳ ቆርጬ ተነሳሁ። ከሥራ ስመለስ በአውቶቡስ ላይ ሆኜ የምለውን አዘጋጀሁ። ልጄ፣ ይህ ነጥብ የሚሉት ነገር ምንድን ነው እላታለሁ አልኩ። ንግግሯ ጀመረ፤ ነጥቦቹ መጡ። እጄን አነሳሁ። ልጄ ወዲያው አቆመች፤ ዓይኗ በራ፤ ወረቀቱን ያዘች።

"እሺ፣ የት ጋ ጠፋሽ?"

ከየት ጀምሬ እንደጠፋሁ ማሰብ ስጀምር ወደ መጀመሪያው ቀን ተመለስኩ። ይህችን አልገባኝም ካልኩ ያለፈውስ እንዴት ገባሽ ልትለኝ ነው። አሥር ጊዜ ገባኝ ብያለሁ።

"ውሃ ልስጥሽ ወይ? ጉሮሮሽ ደረቀ" አልኳት።

ሰጠኋት፤ ጠጣች፤ ቀጠለች።

ኮሚቴው ፊት በቀረበችበት ቀን ማዳምን አስፈቅጄ ቤት ዋልኩ። ስትመለስ ፊቷ ጥሩ ነበር። አልተደናቀፈችም፤ ጊዜውን ጠብቃ ጨርሳለች። አንድ ነገር ብቻ ገርሟታል። ከውሃ መሥሪያ ቤት የመጡት ሰውዬ ታዲያ ጉድጓዶቹን እንዝጋ ነው ወይስ አንዝጋ የምትይን ብለው ጠየቋት። እሱን እኮ መሐል ላይ በግልጽ ተናግሬዋለሁ አለችኝ። ተናግረሻል አልኳት። ተናግራ ይሁን አይሁን የማውቅ ይመስል።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ መልስ መጣ። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፤ ለተሳትፎሽ እናመሰግናለን ይላል። ልጄ አንብባ አጠፈችው። ከሁለቱ ሳይንስ አዋቂዎች አንዱ ግን ደግ ሰው ኖረው በማግስቱ ስልክ ደወሉላት። እኔ ማጀት ሆኜ የእሷን ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው፤ የእሳቸውን በኋላ ነገረችኝ። ጥናትሽ ከሦስቱም ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ሦስቱ አባላት ምን እንደሠራሽ አልያዙም፣ ያልያዙትን ሊመርጡ አልቻሉም ነው ያሏት። እኔ የሰማሁት እሷ የመለሰችላቸውን ነው። በፈረንሳይኛ ነው የተናገረችው፤ ይህን ያህል ግን ይገባኛል።

"ሊሆን አይችልም፤ እናቴ አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው፣ እሷን ገብቷታል።"

ማንኪያ ይዤ ነበር፤ እንደያዝኩት ቀረሁ።

ስልኩን ስትዘጋ ልቧ ሻክሮ ነበር። ያልገባቸው አይደለም፣ መስማት አልፈለጉም አለች። ሥሬን አይተው ነው፤ ሐበሻ ናት ብለው ነው፤ ሥራው የተሰጠው ለአገሬው ልጅ አይደል እንዴ አለች። እትዬም ሰምተው መጡና አባባሷት፤ እሳቸው ከዚህ ቀደም የደረሰባቸውን፣ አባታቸው የደረሰባቸውን ሁሉ አነሱ። አንዳንዱ እውነት ነው፤ እዚህ የኖረ ያውቀዋል። ልጄ ሐሙስ ከሰዓት ኮምፒዩተሯን ከፍታ ለማዕከሉ ኃላፊ አቤቱታ መጻፍ ጀመረች። በዘሬ ምክንያት ተበድያለሁ የሚል ነው። ለእያንዳንዱ የኮሚቴ አባልም ቅጂ ሊደርሰው ነው፤ ለእኚያ ደግ ሰው ጭምር። እዚህ ቢሮ የሚዘጋው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ሲከፈት በእጇ ልታስገባው ነው።

ዓርብን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ይህች ከተማ ትንሽ ናት፤ የተማረው ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ያ ደብዳቤ ከገባ ልጄ እዚህ ሌላ በር አታንኳኳም። በሐሰት የሚከሰሱትም ሰዎች አሉ፤ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ይህን ሁሉ እያሰብኩ የታጠበ ልብስ እንደገና አጠብኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደብዳቤውን ጨርሳ ልታነብልኝ ተቀመጠች። ሁለት መስመር እንዳነበበች አቁሚ አልኳት።

"ምነው?"

"አልገባኝም ነበር።"

"የቱ? ይሄ?"

"ገለጻሽ። ጉድጓዱ። ነጥቡ።"

ሳቅ ልትል ከንፈሯ ተከፍቶ ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። "የትኛውን ቀን?" አለችኝ።

"ሁሉንም ቀን።"

"ከየት ጀምሮ?"

"ከርዕሱ ጀምሮ።"

የምታነበውን ወረቀት ጭኗ ላይ አኖረችው። ቬንትሌተሩ ወዲህ ሲዞር የወረቀቱን ጫፍ ያነሳዋል፤ ሲሄድ ይጥለዋል። ከዚያ ለምን አለችኝ። እንዳታፍሪብኝ ብዬ ነው አልኳት። ብዙ ነገር ልጨምር ፈልጌ ነበር፤ ስለ ማዳም፣ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ዊ ማዳም። ሁሉም ሰበብ መሰለኝና ተውኩት።

መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው። ስትጠርገው ቆየችና ቀና ሳትል፣ "የመነጽሩም ጊዜ እንዲሁ ነበር?" አለችኝ።

እንዴት እንደደረሰችበት አላውቅም። ምናልባት ከልጅነቷ ጀምሮ ጠርጥራ ነበር። አዎ አልኳት።

"እኔ እኮ አላፈርኩብሽም ነበር፣ እማዬ" አለች። ኮምፒዩተሩን ዘግታ፣ ሻሿን ጣል አድርጋ፣ ሆዳን በሚባል ሰፈር ወደምትኖረው ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብታላጋው ይሻለኝ ነበር።

ደብዳቤውን አላስገባችም። ለሦስት ቀን ያህል በልተሻል፣ በልቻለሁ፤ ተኝተሻል፣ ተኝቻለሁ ካልሆነ በስተቀር አላወራንም። እትዬ አቤቱታው ምን ደረሰ ብለው ሲጠይቁ ልጄ ተውኩት አለቻቸው እንጂ የኔን ጉድ አላወጣችም። እሳቸው ፈርታ ነው ብለው ደመደሙ። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር፤ አላረምኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ልጄ ሌላ ቦታ ማመልከት ጀመረች። በዚህ ከተማ ሌላ እንዲህ ያለ ሥራ አልወጣም። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ከዳካር ተጠራች፤ ቃለ መጠይቁ በኮምፒዩተር ነው፣ ገለጻው አሥር ደቂቃ ነው። አንድ ከሰዓት ሳትናገር የፕላስቲክ ወንበሩን አምጥታ መሐል ቤት አስቀመጠችና ቆማ ጠበቀችኝ። ተቀመጥኩ።

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ እጄን አነሳሁ።

አስረዳችኝ። እንደገና አነሳሁ። እንደገና አስረዳችኝ። በዚያ ቀን ከሁለተኛው ገጽ አላለፍንም፤ በመጨረሻ በጣም ተናዳ እርሳሱን ወረወረችው፤ እንዴት ይህ አይገባሽም አለችኝ። የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ደርሶ ሲያዩት ግን የሚቻል ነገር ኖሯል። ቁጣዋ ሻይ እስክናፈላ ነው የቆየው።

በሚቀጥለው ቀን ለብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው የነበረውን ጥያቄ ጠየቅኋት። ጨው እኮ ጨው ነው፤ ከባሕር ይምጣ ከድንጋይ በምን ታውቂዋለሽ አልኳት። ጨው ብቻውን አይመጣም፣ አብረውት የሚመጡ ሌሎች ነገሮች አሉ፤ የባሕሩና የድንጋዩ ልካቸው ይለያያል አለችኝ። አሰብኩት።

"እንደ በርበሬ ነዋ" አልኳት። "ቀምሼ የማን ቤት በርበሬ እንደሆነ አውቃለሁ። ሁሉም ያው ቅመም ነው የሚጨምረው፤ ልኩ ነው የሚለየው።"

እርሳሱን አስቀመጠች። ከዚያ ሳቀች፤ ከቅዳሜው ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ነበረች። ዳካሮች በርበሬያችንን አያውቁትም አለችኝ። ሆኖም ጥያቄዬን ወስዳ የገለጻዋ መክፈቻ አደረገችው፤ ጨው ሁሉ አንድ ነው ወይ ብላ ነው የምትጀምረው። ውሃው ሳሙና አረፋ አላወጣ እንደሚለኝ፣ ምስር ስቀቅል እንደሚደርቅብኝ የነገርኳትንም አንድ ቦታ ላይ አስገባችው። ጉድጓዱ ይዘጋ አይዘጋ የሚለውን ከመሐል አውጥታ መጨረሻው ላይ ብቻውን አቆመችው። በስምንተኛው ቀን እጄን አንድም ጊዜ ሳላነሳ ጨረሰች። የነገረችኝን መልሼ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ሁለታችንም ገባኝ የሚለውን ቃል ማመን ትተን ነበር።

ዳካሮች ወሰዷት።

ደስ አለኝ ማለት አለብኝ፤ ደግሞም ብሎኛል። ግን አውሮፕላን ጣቢያ ቆሜ ሻንጣዋ ሲመዘን ሳይ የማስበው፣ ይህን ገለጻ ከወራት በፊት አድርጋው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በአውቶቡስ ነበር የምትሄደው የሚል ነበር። አቅፋኝ መድኃኒትሽን ዋጪ አለችኝ። እሺ አልኩ። ሌላ ነገር ለማለት ሰው በዛ።

እሷ ከሄደች ወር ከምናምን በኋላ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ትናንሽ ጠርሙሶች የተደረደሩበት ሳጥን የተሸከመ ቀጭን ወጣት ሰው ነው። በሶማልኛ ኤዶ ብሎ፣ አክስቴ እንደማለት ነው፣ ሰላም አለኝና ከምርምር ማዕከሉ እንደመጣ፣ ከየቤቱ ቧንቧ ውሃ እየወሰደ እንደሆነ ነገረኝ። ለምን አልኩት።

ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ኤዶ፣ የምትጠጡት ውሃ ይጎመዝዛል አይደል? ጨዉ ወይ ከባሕር ገብቷል ወይ ከድንጋዩ ሟሙቷል። ከባሕር ከሆነ ጉድጓዶቹን ትንሽ ማሳረፍ ነው፤ ባሕሩ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከድንጋዩ ከሆነ ማሳረፉ ጥቅም የለውም፤ ሌላ ቦታ መቆፈር ነው። ይህቺ ጠርሙስ የቱ እንደሆነ ትነግረኛለች።"

ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። በሶማልኛ፣ ቋንቋዬ ባልሆነ ቋንቋ፣ በር ላይ ቆሜ፣ ሁሉም ገባኝ። ማን እንደሆነም ገባኝ፤ ያ ሥራ የተሰጠው ለእሱ ነው። ከባለሥልጣን ቤት የተወለደ ወይም ሰው ያለው ይመስለኝ ነበር፤ ጫማው ግን ተረከዙ አልቋል፣ ከባልባላ፣ ከከተማው ዳር ካለው የድሃ ሰፈር፣ በሚኒባስ እንደመጣ ሲያወራ ነገረኝ። ጥያቄ አለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ጠይቆም መልሴን ጠበቀ። የለኝም አልኩት። ጠርሙሱን ተቀብዬ ሞላሁለት። የሰፈሩን ቁጥር ጽፎበት፣ አመስግኖኝ ወደ እትዬ በር አለፈ።

ለልጄ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ሁለት ቀን ቆየሁ። ከእንግዲህ አልደብቃትም ብዬ ስለነበር ስትደውል ነገርኳት። ምን አለሽ አለችኝ፤ ሁሉንም ንገሪኝ አለች። ከባሕሩ ጀምሬ እስከ ጠርሙሷ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ" አለች። "ጥሩ ሰው ነው የመረጡት።"

"እኔ እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ አንቺን ነበር የሚመርጡት" አልኳት።

"ማን ያውቃል፣ እማዬ" አለችኝ።

ማን ያውቃል ማለቷ ለእኔ አዝና ነው። እኔ ግን አውቃለሁ።